ውሻ የነከሰው ፊቴ ጠባሳ እየባሰበት ነው፤ እንደገና ልሠራው?

ጥያቄ፦ ከአምስት ወር በፊት ለዓመታት የማውቀው የዘመዶቼ ውሻ ፊቴን ነከሰኝ። የጉንጬና የላይኛው ከንፈሬ ቁስል በዚያው ቀን ታጥቦ ተሰፋ፤ የተቆረጠው የአፍንጫዬ ጫፍ ደግሞ በኋላ ከግንባሬ በተወሰደ ቆዳ ተሠራ። ክሩ በወጣ ሰሞን የጉንጬ ስፌት ቀጭን መስመር ስለ ነበር ተጽናንቼ ነበር፤ አሁን ግን ጠጥሮና ከፍ ብሎ ይታያል፣ ያሳክከኛልም። አፍንጫዬ ያበጠ ይመስላል፤ ከንፈሬም በከፊል ስለ ደነዘዘ ውኃ ስጠጣ ያመልጠኛል። ሐኪሜ «ታገሺ» ብቻ ይለኛል። ቀዶ ሕክምናው ሳይሳካ ቀርቶ ይሆን? ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄጄ አሁኑኑ ላሠራው? ውሻ ሲጮኽ በሰማሁ ቁጥርም እንቀጠቀጣለሁ፤ እንቅልፍም አጥቻለሁ።
(ስሜ አይጠቀስ ያሉ አንባቢ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገለጹልን ሁኔታ ቀዶ ሕክምናው እንዳልተሳካ አያሳይም። ቁስል ከተዘጋ በኋላ ሰውነት ኮላጅን የተባለውን የቆዳ ማያያዣ ፕሮቲን በብዛትና ያለ ሥርዓት ስለሚያከማች፣ መጀመሪያ ቀጭን የነበረ ጠባሳ በሁለተኛውና በስድስተኛው ወር መካከል መጠጠሩ፣ መቅላቱ ወይም መጥቆሩና ማሳከኩ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውነት ያከማቸውን ራሱ እያፈረሰና እያስተካከለ ይሄዳል፤ ይህም ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ሊወስድ ይችላል። ገና በዚህ ሥራ ላይ ያለ ጠባሳ በቢላ ቢነካ አዲስ ቁስል ስለሚሆን ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ሐኪሞች የጠባሳ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምናን ብዙውን ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ገደማ የሚያዘገዩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ሐኪምዎ የሰጡት ምክር ትክክል ነው። ነገር ግን «ታገሺ» የሚለው ቃል ብቻውን ለታማሚ አይበቃም፤ በጥበቃው ጊዜ ምን እንደሚያደርጉ ሊነገርዎ ይገባ ነበር።

ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ስለ ተዘጋ ጠባሳውን በጣትዎ ጫን እያሉ፣ በክብ እንቅስቃሴ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ይሹት። ሲሊኮን ጄል ወይም በጠባሳው ላይ የሚለጠፈው ስስ ሲሊኮን በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ሳያቋርጡ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲጠቀሙበት የተነሣውን ጠባሳ ለማለስለስና ዝቅ ለማድረግ ይረዳል። አዲስ ጠባሳ ፀሐይ ሲመታው ስለሚጠቁርና ጥቁረቱም ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ የመከላከያ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም ይቀቡ፤ ባርኔጣም ያድርጉ። ቫይታሚን ኢ ጠባሳን ያጠፋል የሚባለው በማስረጃ ያልተደገፈ ከመሆኑም በላይ የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ያስቆጣል።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ ይመልከቱ። እብጠቱ ከቀድሞው የቁስል ጠርዝ አልፎ ወደ ጤነኛው ቆዳ የሚስፋፋ ከሆነ ኬሎይድ ሊሆን ይችላል። ኬሎይድ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበልጥ ይታያል፤ በቀዶ ሕክምና ብቻ ሲወገድም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በየጥቂት ሳምንቱ ጠባሳው ውስጥ በሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ቶሎ ሕክምና መጀመር ስለሚቻል ዓመት መጠበቅ አያስፈልግዎትም።

የአፍንጫዎ ነገር ከሁሉ ያነሰ ያሳስበናል። የግንባር ቆዳ ከአፍንጫ ቆዳ ወፈር ያለ ነው፤ በዚያ ላይ ከሕብረ ሕዋሱ ፈሳሽ የሚያስወግዱት ቀጫጭን ሥሮች ስለ ተቆረጡ እብጠቱ ለወራት ይቆያል። አፍንጫን በዚህ መንገድ መሥራት በህንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ጥበብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1794 በለንደን በወጣ የመጽሔት ጽሑፍ አማካይነት የአውሮፓን ሐኪሞች ትኩረት ስቧል። ዛሬም የግንባሩ ቆዳ ከነደም ሥሩ ወደ አፍንጫው ይዞራል፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ከግንባሩ ይለያል፤ ከዚያም ውፍረቱን ለመቀነስና ቅርጹን ለማውጣት ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና አስቀድሞ ይታቀዳል። ሐኪምዎ ይህን ደረጃ አቅደውት እንደ ሆነ ይጠይቋቸው።

የተጎዳ ነርቭ መልሶ ሲያድግ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሚሄድ የከንፈርዎ ስሜት ገና ሊሻሻል ይችላል፤ የመንዘር ስሜት ከጀመረዎትም ጥሩ ምልክት ነው። እስከዚያው ትኩስ መጠጥ እንዳያቃጥልዎ ይጠንቀቁ። ጠባሳው ከንፈርዎን ወደ ላይ የሚስበው፣ አፍዎን እንዳይከፍቱ የሚያደርግዎ ወይም በአፍንጫዎ መተንፈስ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ግን ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ይሂዱ። የሌላ ሐኪም አስተያየት መጠየቅም መብትዎ ነው፤ የቀዶ ሕክምናውን ማስረጃና በየወሩ በተመሳሳይ ብርሃን የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዘው ቢሄዱ ለውጡን ለመመዘን ይረዳቸዋል።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ ምንም አልጻፉልንም። ውሻው ከነከሰዎ በኋላ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በዚያ ንክሻ በሽታው አልተላለፈብዎትም። የውሻው ሁኔታ ካልታወቀና ክትባቱንም ካልጨረሱ በሽታው ዘግይቶ ሊነሣ ስለሚችል ዛሬውኑ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ፍርሃትዎንና እንቅልፍ ማጣትዎን ግን ጠባሳው እስኪሻሻል ብለው አያቆዩት። ከአደጋው በኋላ ከአንድ ወር በላይ የዘለቀ እንዲህ ያለ ድንጋጤ፣ በተለይ አደጋው በሐሳብ ወይም በሕልም እየተመላለሰ የሚያስጨንቅዎ ከሆነ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሊያየው የሚገባ ሕመም ነው፤ በአደጋው ትውስታ ላይ የሚያተኩር የንግግር ሕክምናም ብዙ ሰዎችን አሽሏል። ውሻን ዳግም የመልመዱ ሥራ በፎቶግራፍ ይጀምርና በሩቅ የታሰረ ውሻን ወደ ማየት ቀስ በቀስ ያድጋል። ዘመዶችዎ «ምንም አያደርግሽም፣ ንኪው» እያሉ ቢያደፋፍሩዎ በግልጽ እምቢ ይበሉ፤ መቼና ምን ያህል እንደሚቀርቡ የሚወስኑት እርስዎና ባለሙያው ብቻ ናችሁ።