ልጄ ቤት ሄጄ እንግዳ ተባልኩ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ልጄ። 64 ዓመቴ ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የልጆቼ አባት ካረፉ 3 ዓመት ሊሞላቸው ነው። ወንዱ ልጄ አዲስ አበባ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ሁለት ልጆች አሉት። ትልቋ 4 ዓመት ተኩሏ ነው፣ ትንሹ ገና 9 ወሩ።

በየ15 ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት ቅቤ፣ በሶ፣ ቆሎና ማር በዘንቢል ይዤ እሄዳለሁ። እሑድ ከምሳ በኋላ እመለሳለሁ። ቀኑን ስቆጥር ነው የምሰነብተው፣ ከደረስኩ በኋላ ግን የት እንደምቀመጥ እንኳ ይጠፋኛል።

ባለፈው ሳምንት ትንሹ ሲነጫነጭብኝ ጣቴን ማር አስነክቼ አላስኩት። ምራቴ ከኩሽና ሮጣ መጥታ ልጁን ከእጄ ወሰደችው። “እማዬ፣ ማር እኮ አይሰጠውም!” አለች፣ ድምጿ ከፍ ብሎ። ልጄ እዚያው ሶፋው ላይ ነበር። አንዴ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ። እኔ አራት ልጅ አሳድጌያለሁ፣ ሁሉም ማር ልሰዋል። በማግስቱ ሳህን ላጥብ ስነሳ ደግሞ “ይቀመጡ እንጂ፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት” አለችኝ። የወለድኩት ልጅ ቤት እንግዳ ተባልኩ። ትልቋም ስልክ ከያዘች ቀና ብላ አታየኝም። ስመለስ መኪናው ውስጥ ሰንዳፋ እስክንደርስ ድረስ አለቀስኩ። መሄዱን ልተወው ይሆን?

እናት ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦

እናቴ፣ እንዳይተዉት። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ሰንዳፋ የሚለው ላይ ስደርስ እኔም አልቻልኩም።

ግን አስቀድሜ ስለ ማሩ ልንገርዎ፣ እሱ ላይ ምራትዎ ልክ ናት። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፣ በጣት ጫፍም ቢሆን። ማር ውስጥ አንዳንዴ በዓይን የማይታይ የባክቴሪያ ዘር ይኖራል። ትልቅ ሰው ቢበላው ምንም አይሆንም፣ የሕፃን አንጀት ግን ገና ስላልጠነከረ ዘሩ እዚያ ይራባና ጡንቻ የሚያዝል መርዝ ያመነጫል። ማሩን ማፍላት አይጠቅምም፣ ዘሩ በፈላ ውኃ አይሞትም። በሽታው ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ ለዚህ ነው የእርስዎ አራት ልጆች በሰላም ያደጉት። ከመጣ ግን ትንፋሽ እስከማሳጠር ይደርሳል። ምልክቱ እስከ አንድ ወር ሊዘገይ ስለሚችል እስከዚያ ድረስ ይከታተሉት። ሆዱ ከደረቀ፣ ለቅሶው ከደከመ፣ ጡት መሳብ ካቃተው፣ አንገቱ ከዛለ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂድ፣ ማር መቅመሱም ይነገር። ዓመቱን ሲደፍን ማርዎን ይዘው ይሂዱ።

ቆሎውም ላይ አንድ ነገር አለኝ። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጠንካራ ፍሬ፣ በተለይ ኦቾሎኒና የሽምብራ ቆሎ፣ ጉሮሮ ላይ ሊቀር ይችላል። ለትልቋ በሶውን ይበጥብጡላት፣ ቆሎው የወላጆቿ ይሁን። ቅቤው ግን ይቀጥል! የ9 ወር ልጅ ገንፎ ላይ ትንሽ ቅቤ ጠብ ማድረግ ጥሩ ነገር ነው። ከ6 ወር ወዲህ ልጅ ከጡት ሌላ ምግብ ይፈልጋል፣ ውኃ ውኃ የሚል ገንፎ ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ አያጠግብም። የሸኖውን መንገድ ይዞ የመጣ ቅቤ አዲስ አበባ ውስጥ ስንት እንደሚፈለግ ምራትዎም ታውቃለች።

አሁን ወደ ሆድዎ ልግባ። “እንግዳ ነዎት” ስትል ልታርቅዎ ፈልጋ አይመስለኝም። ምራት ሆነሽ አማትሽ ሳህን ሲያጥቡ ቁጭ ብለሽ ማየት በእኛ ዘንድ ምን እንደሚያስብል እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ያደገችው እንደዚያ ነው። በዚያ ላይ ማታ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስለነበር አፍራለች፣ ጠዋት ደግሞ አክብሮት ልታበዛ ሞከረች፣ ቃሉ ግን ተሳስቶ ወጣ። እርስዎ የሰሙት ሌላ ነው፣ እሷ ልትል የፈለገችው ሌላ። ይህን እኔ በራሴ ቤት አይቼዋለሁ፣ ምራቷ እኔ ሆኜ።

የባለቤቴ እናት መጀመሪያ ቤታችን ሲመጡ እኔም ከሶፋው አላስነሳቸውም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ፣ እሑድ ሲሄዱ ፊታቸው ጠቁሮ ነው። አንድ ቅዳሜ እኔን ራስ ምታት ጣለኝና ቡናውን እሳቸው አፈሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቅዳሜ ማታ ቡና የእሳቸው ሆነ። ልጄ ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር። ሲኒውን አንድ በአንድ፣ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ደግፎ፣ ከመደርደሪያው እስከ ረከቦቱ ስድስት ጊዜ ይመላለሳል። ምላሱን ከንፈሩ ላይ አውጥቶ፣ እግሩን እየጎተተ። እሳቸው “ቀስ፣ የኔ ጌታ፣ ቀስ” ይሉታል። አንድ ሲኒ ነው እስከ ዛሬ የሰበረው። ያን ቀንም አልተቆጡትም፣ ስብርባሪውን አብረው ለቀሙ።

እርስዎም እዚያ ቤት የእርስዎ የሆነ አንድ ሥራ ያስፈልግዎታል። ሁሉንም ሥራ አይደለም፣ አንድ ብቻ። ቡናው ሊሆን ይችላል፣ የእሑድ ጠዋት ጨጨብሳ ሊሆን ይችላል፣ ትልቋን መሥራት ከወደዱ ሹሩባ። ምራትዎን ኩሽና ውስጥ ብቻዋን ሲያገኟት “ልጄ፣ የማሩን ነገር አላወቅኩም ነበር፣ አስደነገጥኩሽ። ደግሞ እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ ይጨንቀኛልና ቡናውን ለእኔ ተዪልኝ” ይበሏት። ይኸው ነው፣ አያርዝሙት። እንግዳ መባሉ እንዳስለቀሰዎ መንገር ከፈለጉም ይንገሯት፣ በዚያው ቀን ግን አይሁን።

ከሁሉም ያናደደኝ ልጅዎ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልጅዎ ስለሆነ አልደብቅዎትም። ሚስቱ ስትጮህ ስልኩ ውስጥ መግባት አልነበረበትም። “እማዬ፣ ሐኪሙ እስከ ዓመቱ ማር አትስጡ ብሏል” የሚለውን ገና ዘንቢሉን ሲቀበልዎ እሱ ሊነግርዎ ይገባ ነበር። ለባል እናት የሚነገር ከባድ ነገር ሁሉ ሚስት ላይ ሲወድቅ እሷ ክፉ ምራት ትባላለች፣ እሱ ደግሞ ደግ ልጅ እንደሆነ ይቀራል። ብዙ ቤት ያፈረሰው ይኼ ነው። ስለዚህ በሥራ ቀን፣ እሷ አጠገቡ በሌለችበት ሰዓት ይደውሉለት። “ልጆቹን በተመለከተ ማድረግ የሌለብኝ ነገር ካለ ካንተ ነው መስማት የምፈልገው፣ ከመምጣቴ በፊት” ይበሉት። ሚስቱን ግን እንዳይከሱለት፣ ስሟም ባይነሳ ጥሩ ነው። ሌላም ልጨምር። ሕንፃው ሊፍት ከሌለው በ64 ዓመትዎ ዘንቢል ተሸክመው አራት ፎቅ መውጣት የለብዎትም። ታፎ ሲደርሱ ይደውሉለት፣ ወርዶ ይቀበልዎ።

ዓርብ ማታ ደግሞ ለእሷ ይደውሉ። ሁለቱም ሥራ ላይ የሚውሉ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት የልብስ ማጠቢያና የገበያ ሰዓታቸው ነው፣ ሕፃኑም የሚተኛበት ሰዓት አለው። “ስንት ሰዓት ብደርስ ይመቻችኋል?” የምትለዋ ጥያቄ ብዙ ነገር ታቀላለች።

ትልቋንና ስልኩን በተመለከተ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ቁጭ ብለው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት ባይበልጥ ይላል፣ ዓመት ላልሞላው ጭራሽ አይመክርም። ያም ሆኖ ስልኩን ከእጇ የሚቀሙት እርስዎ አይሁኑ፣ እሱ የወላጆቿ ሥራ ነው። እርስዎ አጠገቧ ቁጭ ይበሉና “ይሄ ጥንቸል ምን አጥፍቶ ነው የሚሮጠው?” ይበሏት። ትነግርዎታለች፣ ልጅ የሚያውቀውን መናገር ይወዳል። ሲያልቅ እንቆቅልህ ይጀምሩ። “ምን አውቅልህ” ማለትን በአንድ ቀን ትለምዳለች። መልሱን ስታጣ “አገር ስጪኝ” ይበሏት። መጀመሪያ ላይ የምትሰጥዎ አገር ሱቁን ወይም ትምህርት ቤቷን ሊሆን ይችላል፣ ይቀበሏት። ደብረ ብርሃንን፣ አንኮበርን፣ ጎንደርን ቀስ ብለው ያስተምሯታል። መምህርት ነዎት፣ ይሄን ለእርስዎ አልነግርም፤ ፊደል ገበታውን ብቻ ለሌላ ጊዜ ያቆዩት፣ ሰኞ ትምህርት ቤት አለላት።

ማታ መብራት ከጠፋ ደግሞ እድለኛ ነዎት። ተረት ተረት ይበሏት፣ የላም በረት ትበል።

ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ እነሱ ይምጡ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቅዳሜ ወጥቶ እሑድ መግባት ለእነሱም ይቻላል። ጋቢ ያዘጋጁ እንጂ ሌላው ችግር የለውም። ምራትዎ እርስዎ ቤት ስትመጣ ሳህን ላጥብ ትልዎታለች። ያጥቡ፣ አብራችሁ።

ጥያቄ፦

አባቴ በየቅዳሜው ይመጣሉ። ዜና ከፍተው ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ፣ ከ6 ዓመቱ ልጄ ጋር “ደህና ነህ ወይ፣ ትምህርት እንዴት ነው” ብቻ ነው። ልጁም ይፈራቸዋል። ምን ላድርግ?

ልጃቸው፣ ከአዳማ

መልስ፦

እህቴ፣ አባትሽ ልጁን ይወዱታል፣ ባይወዱት በየቅዳሜው አይመጡም ነበር። የእኛ አባቶች ከልጅ ጋር ወለል ላይ ቁጭ ብሎ መጫወትን ከየት ይማሩት? አብሮ መሥራትን ግን ያውቃሉ። ስለዚህ አጫውቱት አትበያቸው፣ ሥራ ስጫቸው። የተነቃነቀ ወንበር ካለ መዶሻውን ለአባትሽ፣ ሚስማሩን ለልጁ። ፀጉር ቤት የሚወስዱት እሳቸው ይሁኑ። በዚህ ቅዳሜ ደግሞ ዳቦ ጨርሻለሁ ብለሽ ሁለቱን አብረሽ ላኪያቸው። ገንዘቡን ለልጁ ስጪው፣ መንገዱን አያቱ ያሳዩታል።