የቅርጫት ኳስ ጥያቄዎቻችሁ፦ ከቅርጫቱ ከፍታ እስከ ኔይስሚዝ ሽንፈቶች

ስለ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቅርጫቱ ድሮ ምን ያህል ከፍታ ነበረው? (ከሐዋሳ)

ያው የዛሬው ነው፣ 3.05 ሜትር።

ስዘል ጉልበቴን ያመኛል፣ ምን ልቀባ?

ቅባቱን ተወው፣ ፊዚዮቴራፒስት ይይህ።

ቅርጫቱ ሥሩ ድፍን ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1891 ጨዋታው በተጀመረባት የአሜሪካ ከተማ፣ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ የተሰቀለው የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት ነበር። ኳስ ሲገባ አንድ ሰው መሰላል ወጥቶ ያወጣል። የመጀመሪያው ጨዋታ ያለቀው 1 ለ 0 ነው።

ጨዋታውን የፈጠረው ሰው እንዴት ይሸነፋል?

አንድ ወንድማችን ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈው ጠንከር ያለ ነው። ጄምስ ኔይስሚዝ በካንሳስ የወንዶች ቡድን ታሪክ ሽንፈቱ ከድሉ የበለጠ ብቸኛው አሰልጣኝ ነው፣ ታዲያ ምኑ ይወደሳል ይላል።

ወንድሜ፣ ቁጥሩ ልክ ነው፤ 55 አሸንፎ 60 ተሸንፏል። ፍርድህ ላይ ግን አልስማማም። ሰውዬው በ1898 ዩኒቨርሲቲው ያለበት ሎረንስ ከተማ የገባው ዋንጫ ሊያመጣ አይደለም። የጸሎት ቤት ኃላፊና የስፖርት መምህር ሆኖ ነው የተቀጠረው። በሙያው ሐኪምም ነበር።

የካንሳስ ቡድን የመጀመሪያው ግጥሚያ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1899 ነበር። ተጋጣሚያቸው የካንሳስ ሲቲ ወወክማ ነው። 16 ለ 5 ተሸነፉ። አምስት ነጥብ ዛሬ በሁለት ደቂቃ ይገባል። ያኔ ግን ኳስ በገባ ቁጥር ጨዋታው ከመሃል እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ዳኛው ኳሷን ወደ ላይ ይወረውራል፣ ሁለት ልጆች ይዘሉላታል። ደግሞ በዚያ ሽንፈት አልቀሩም። የውድድር ዘመኑን 7 አሸንፈው 4 ተሸንፈው ጨረሱ። ለጀማሪ ቡድን ይሄ ትንሽ ነው?

ከሁሉም በላይ ከእጁ የወጡትን እይ። ፎረስት አለን በእሱ ስር ተጫውቶ፣ በኋላ ቦታውን ተረክቦ ካንሳስን 39 የውድድር ዘመን አሰለጠነ። ቡድኑ ዛሬም የሚጫወትበት አዳራሽ በአለን ስም ይጠራል። ጆን ማክሌንደን ደግሞ በ1933 ካንሳስ ሲገባ ጥቁር በመሆኑ ብቻ ለዩኒቨርሲቲው ቡድን እንዳይጫወት ተከለከለ። ይህን ሳነብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። አማካሪው ኔይስሚዝ ነበር፤ አሰልጣኝነትን የተማረው ከእሱ ነው። ማክሌንደን ከ1957 እስከ 1959 ቴነሲ ኤ ኤንድ አይ የተባለውን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ይዞ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የኤንኤአይኤን (የአነስተኛ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበርን) ዋንጫ በላ። እነዚህን ድሎች በየትኛው ዓምድ ልንጽፋቸው ነው?

ልጄ ልምምድ ላይ ራሱን ሳተ፣ ጾም ይሆን?

ጸሐፊዋ እናት ናቸው፤ ልጃቸው ለኮሌጅ ቡድን ይጫወታል። እማማ፣ ጾም ነው ብለው እንዳያልፉት። እየሮጡ ራስን መሳት የልብ ችግር ምልክት ሊሆን ይችላል። ሀንክ ጌዘርስ የሚባል የኮሌጅ ተጫዋች በዲሴምበር 1989 ሜዳ ላይ ወደቀ፤ ተመልሶ ተጫወተ፤ በማርች 1990 እንደገና ወድቆ ሞተ። የልብ ሐኪም መርምሮት በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እስኪፈቅድለት ድረስ ኳስ እንዳይነካ። አሰልጣኙ ቢቆጣም ይቆጣ። ቀጠሮውን ዛሬውኑ ደውለው ይያዙለት።