ሶፊን እንደገና ሳነባት

ለምታነቡ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አብራን የምትሠራ አንዲት ወጣት፣ «ልጅ ሆኜ እንደ ጉድ የወደድኩት መጽሐፍ ነበር። አሁን ብመለስበት ይበላሽብኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሞክሪው» ብያት ወደ ሒሳቤ ተመለስኩ። ጥያቄው ግን አለቀቀኝም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

እኔም እንደዚያ የወደድኩት መጽሐፍ አለኝ። የዳያና ዊን ጆንስ «የሃውል ተንቀሳቃሽ ግንብ» ነው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። አብዛኞቻችሁ የምታውቁት ሃያኦ ሚያዛኪ በ2004 ባወጣው አኒሜሽን ይሆናል። ፊልሙ ያምራል። ግን ፊልሙን አይታችሁ ብቻ ሶፊን አውቃታለሁ አትበሉ።

ሶፊ የሦስት እህትማማቾች ታላቅ ናት። በእሷ አገር ዕድሉን ፍለጋ የሚወጣ የመጀመሪያ ልጅ አይቀናውም ይባላል። ስለዚህ ባርኔጣ መሸጫ ውስጥ ተቀምጣ ባርኔጣ ታስጌጣለች። የሚያወራት ሲጠፋ ባርኔጣዎቹን ታወራቸዋለች። አንድ ቀን አንዲት ጠንቋይ መጥታ አሮጊት አደረገቻት። ሶፊ ማንንም ሳትሰናበት ወጥታ ሄደች። የልጃገረዶችን ልብ ይበላል ወደሚባለው ወደ አስማተኛው ሃውል ግንብ ገብታም እሳት ዳር ተቀመጠች።

መጽሐፉን ያነበብኩት ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ነው። ያኔ ለእኔ መጽሐፉ ማለት ሃውል ብቻ ነበር። ሶፊ ጉልበቷን እያመማት ስትንቆራጠጥ፣ ይሄ አስማት መቼ ነው የሚፈታው እያልኩ ገጽ እዘል ነበር። በምሳ ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ አነባለሁ። ሰው ሲመጣ መዝገብ እደርብበታለሁ።

ክፍላችን ውስጥ ጡረታ የደረሱ ሴት ነበሩ። ዝምተኛ ናቸው። ቁጥር ሲያመሳክሩ ከመስመሩ ሥር ማስመሪያ ያስቀምጣሉ፤ አንዱን መስመር ሳይጨርሱ ማስመሪያውን አይገፉም። ሌሎቻችን ስንሟገት እሳቸው ቀና አይሉም። አንድ ቀን መዝገቡን ሳልደርብ ደረሱብኝ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጽሐፉን አነሱት። ከዓይናቸው አራቅ አድርገው፣ እንደቆሙ፣ የመጀመሪያውን ገጽ አነበቡ። ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

«ስትጨርሺ አውሺኝ» አሉኝ።

«ኧረ ይሄ የልጆች ነገር ነው፤ ለእርስዎ አይሆንም» አልኳቸው። ቁም ነገር ያለው መጽሐፍ ላምጣልዎት ብዬም ቃል ገባሁ። ያከበርኳቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸውም «እሺ ልጄ» ብለው መጽሐፉን ቀስ አድርገው ቦታው መለሱት። ማስመሪያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ያልኩትን ሌላ መጽሐፍ ሳላመጣላቸው ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ልጅቷ የጠየቀችኝ ማታ መጽሐፉን አውጥቼ ጀመርኩት። ዛሬ እኔም እሳቸው ያኔ የነበሩበት ዕድሜ ላይ ነኝ። ሶፊ ያረጀ ፊቷን መስታወት ውስጥ የምታይበት ቦታ አለ። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ፊልሙ ነው መሰለኝ ያሳተኝ። መጽሐፉ ውስጥ ግን አሮጊቷን ታጽናናታለች። እንዲያውም ይሄ መልክ ከድሮው ይልቅ እኔን ይመስላል ትላለች። ያቺ በበዓል ቀን አንድ መልከ መልካም ወጣት ስላናገራት ብቻ በድንጋጤ የምትሞት ልጅ፣ ካረጀች በኋላ የአስማተኛን ቤት ሳትጋበዝ ገብታ መጥረግ ትጀምራለች። ትቆጣለች፤ ታዛለች። ድሮ አፍራ የምትውጠውን ሁሉ አሁን ትናገረዋለች።

ያን ጊዜ የዘለልኳቸው ገጾች እነዚህ ናቸው። መጽሐፉ ያለው እዚያ ነው። ለእርስዎ አይሆንም ያልኳቸው ሴት ከእኔ ቀድመው ይረዱት ነበር። አንገቴ ላይ የተሰማኝን ሙቀት አልነግራችሁም።

ደራሲዋ የመጽሐፉ መነሻ አንድ ተማሪ ልጅ እንደሆነ ጽፋለች። ትምህርት ቤቱን ስትጎበኝ «ተንቀሳቃሽ ግንብ» የሚል መጽሐፍ ጻፊ ብሎ ጠየቃት። የልጅ ነገር ነው ብላ አላለፈችውም። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር እነዚያ ሴት ትዝ ይሉኛል።

እንግዲህ ምክር ካላችሁኝ፣ የወደዳችሁትን መጽሐፍ ለመድገም አትቸኩሉ። ዕድሜ ይግባበት። ደግሞ አስቡት፤ እኔ ይህን ያህል ባልቆይ ኖሮ ለእነዚያ ሴት በጊዜ አውሳቸው ነበር። ስለዚህ ቶሎ ድገሙት ማለትም እችላለሁ። ሁለቱንም አምንበታለሁ።

ስለ እናንተ የማይዋጥልኝ አንድ ነገር አለ። በዓመት ስንት መጽሐፍ እንደጨረሳችሁ ትቆጥራላችሁ። ገጸ ባሕሪውንም ገና በሁለተኛው ምዕራፍ «ሬድ ፍላግ ነው፤ ከእሱ መራቅ ነው» ብላችሁ ትዘጉታላችሁ። ሃውልን እንዲህ ያለችኝ ልጅ አለች። እውነቷን ነው፤ ኩሩ ነው፤ ፈሪ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሰዓታት ይፈጃል። የፀጉሩ ቀለም ተበላሸ ብሎ ቤቱን በአረንጓዴ ዝልግልግ ያጥለቀልቃል። ግን ሶፊ የተደረገባትን እያወቀ፣ ሳይነግራት፣ አስማቱን ሊፈታላት ደጋግሞ ይሞክር ነበር። ይህንን ለማወቅ እስከ መጨረሻው መታገስ ይጠይቃል። እኔም ስለ እሱ ብቻ ሳነብ ይሄን ሳላስተውለው ቀርቻለሁ።

አልተሳካለትም። በመጨረሻም ሶፊ በአሮጊት መልክ መደበቁን ሳትወደው አትቀርም ብሎ ተወው። እዚህ ላይ ሁለት ቀን ቆሜያለሁ። ሶፊ እርጅናውን የያዘችው ነጻ ስላወጣት ነው ወይስ ወጣት ሆኖ መታየት ስላስፈራት? አንድ ቀን አንዱን፣ በማግሥቱ ሌላውን አምናለሁ። እነዚያ ሴት ከሁለቱ የትኛውን ይሉ እንደነበር ነው ማወቅ የምፈልገው።