የቪዛጋፓታም የዝሆን ጥርስ ቁም ሣጥኖች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቪዛጋፓታም የት ነው? ሥራውስ ለምን እዚያ በዛ?

መልስ፦ ዛሬ ቪሳካፓትናም የሚባለው፣ በሕንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚገኘው ወደብ ነው። አካባቢው በጥጥ ጨርቁ የታወቀ ስለነበር በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ነጋዴዎች ሰፈሩበት። የዝሆን ጥርሱ ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ በዛሬዋ ምያንማር (በርማ) ከምትገኘው ከፔጉ ይመጣ ነበር። ባለ እጆቹም የእንግሊዝን ቁም ሣጥንና የመጻፊያ ጠረጴዛ ቅርጽ ወስደው በራሳቸው ጥበብ አስጌጡት፤ ገዢዎቻቸው በአብዛኛው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹማምንት ነበሩ።

ጥያቄ፦ በነጩ የዝሆን ጥርስ ላይ የሚታየው ጥቁር ጌጥ በቀለም የተሣለ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የሥራው ነፍስም ያለው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው በስሱ የተሰነጠቀውን የዝሆን ጥርስ በእንጨቱ ላይ ከለበጠ በኋላ ሥዕሉን በስለት ይቀርጸዋል፤ ከዚያም ጥቁር የላክ ሙጫ (ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ) በመስመሮቹ ውስጥ ሞልቶ ገጹን ያስተካክለዋል። አንድ መሳቢያ ፊት ለፊት ጎንበስ ብለው በአጉሊ መነጽር ቢመለከቱ፣ የአበባው ቅጠል ጥላ ጎን ለጎን በተሰለፉ ቀጫጭን መስመሮች ብቻ እንደተሠራ ያያሉ። በቀደሙት ሥራዎች ጌጡ በእንጨቱ ውስጥ የተገጠመ፣ ከጨርቅ ጥለት የተወሰደ ሐረግ ነበር፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን ገጹ በሙሉ እየተለበጠ ከአውሮፓ ኅትመቶች የተቀዱ ሕንፃዎች ገቡበት። እኔ በበኩሌ ሐረጉን አስበልጣለሁ፤ የአገሩ እጅ ጎልቶ የሚታየው በእርሱ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ቁም ሣጥን ጌጥ ከዝሆን ጥርስ ሳይሆን ከአጥንት የተሠራ እንዳይሆን እሰጋለሁ፤ በጋለ መርፌ ልፈትነው?

መልስ፦ እባክዎን እንዳያደርጉት፤ የማይጠፋ ጠባሳ ይተዋል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ አጥንት ላይ የደም ሥር ያለፈባቸው ጥቃቅን ጥቋቁር ነጥቦች ወይም ሰረዞች ይገኛሉ፤ የዝሆን ጥርስ ላይ ግን አይኖሩም።

ጥያቄ፦ ልባጡ በአንድ ጥግ ተነሥቷል። በውኃ ጠርጌ ላጣብቀው?

መልስ፦ ውኃ አያስነኩት። እንጨትና የዝሆን ጥርስ እርጥበት ሲለዋወጥ እኩል ስለማያብጡና ስለማይኮማተሩ ልባጡ ይነሣል፤ ከማሞቂያና ከፀሐይ አርቀው የወደቀውን ስባሪ ሁሉ በፖስታ ያስቀምጡ፤ ማጣበቁን ለጥገና ባለሙያ ይተዉት።

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። መሸጥ እችላለሁ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ሽያጩን በመርሕ ደረጃ ይከለክላል። ሆኖም ዕቃው እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 3 ቀን 1947 በፊት የተሠራና የዝሆን ጥርሱ ከጠቅላላ ይዘቱ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ፣ ጥርሱም በቀላሉ የማይነጠል የዕቃው አካል ከሆነ፣ አስቀድሞ በማስመዝገብ መሸጥ ይቻላል። ልባጡ ስስ ስለሆነ ፊቱ በሙሉ ነጭ ቢሆን እንኳ ከዚህ መጠን በታች ሊወድቅ ይችላልና ውፍረቱን ሳያስለኩ ተስፋ አይቁረጡ።