ሐኪሙ ለምክር ቤት ሲወዳደር፦ ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን ከቨርጂኒያ የደረሱን ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው። በ2027 የስቴቱ ምክር ቤቶች 100 የዴሊጌትና 40 የሴናተር ወንበሮች በሙሉ ለምርጫ ስለሚቀርቡ፣ ሐኪሞች እንዴት መወዳደር እንደሚችሉ ከወዲሁ ይጠይቃሉ፤ የሐኪም ሚስትም ጠይቃናለች። መልሱ ለቨርጂኒያ ነው። ሜሪላንድ የምትኖሩ የራሳችሁ ሕግ አላችሁና እዚህ ያለውን ቁጥር አትውሰዱ።

ጥያቄ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ዜግነት ካገኘሁ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ለሐውስ ኦፍ ዴሊጌትስ (ለስቴቱ የታችኛው ምክር ቤት) በፓርቲ ፕራይመሪ፣ ማለትም የፓርቲው ዕጩ በሚለይበት ቅድመ ምርጫ፣ ልወዳደር አስቤያለሁ። የድጋፍ ፊርማውን በቤተ ክርስቲያናችን በአንድ እሁድ የምጨርሰው ይመስለኛል። ሌላ ምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ በትውልድ አሜሪካዊ መሆን የሚጠየቀው ለፕሬዚዳንትነትና ለምክትሉ ነው። ለዴሊጌትነት 21 ዓመት የሞላዎት፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ዓመት የኖሩ፣ በሚወዳደሩበት ዲስትሪክት (የምርጫ ክልል) ነዋሪና መራጭ የሆኑ ከሆነ ይበቃል። ክሊኒክዎ ያለበት ሳይሆን የሚያድሩበት ቤት ያለበት ዲስትሪክት መሆኑን ልብ ይበሉ። አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ ውስጥ የዲስትሪክት መስመር አንዳንዴ በመንገድ መሐል ያልፋል።

አሁን ወደ እሁዱ እንምጣ። የሚፈለገው የ125 መራጮች ፊርማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይዘናጋል። ፈራሚው የእርስዎ ዲስትሪክት የተመዘገበ መራጭ ካልሆነ ፊርማው አይቆጠርም። የቤተ ክርስቲያናችሁ ምእመን ደግሞ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዲሲ፣ ከዉድብሪጅ፣ ከስፕሪንግፊልድ የሚመጣ ነው። ከቅዳሴ በኋላ 150 ሰው ቢፈርምልዎ፣ በእርስዎ ዲስትሪክት የሚኖረው ከዚያ ጥቂቱ ሊሆን ይችላል። ግሪን ካርድ ያለውም በደስታ ይፈርማል፤ መራጭ ስላልሆነ ግን ይሰረዛል።

ከዚያ የስም ጣጣ አለ። የእኛ ሰው ስሙን እንግሊዝኛ ላይ አንድ ጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ሌላ ጊዜ በሌላ ይጽፋል፤ የአያት ስም የሚጨምርም የሚተውም አለ። ፊርማውን እንደ ልማዱ ይፈርም፤ ስሙን ግን በመራጭነት በተመዘገበበት አጻጻፍ፣ በሚነበብ የላቲን ፊደል ይጻፍ። አድራሻው የፖስታ ሳጥን ሳይሆን የመኖሪያ ቤት ይሁን። ቅጹ በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ መታተም አለበት፤ በሁለት ወረቀት አትመው በስቴፕለር ቢያያይዙት ሙሉ ገጹ ሊጣል ይችላል። ፊርማ ሰብሳቢው እያንዳንዱ ሰው ሲፈርም በዓይኑ ማየት አለበት፤ ይህንንም ኖተሪ (ሰነድ አረጋጋጭ) ፊት ምሎ ይፈርማል። ስለዚህ ወረቀቱን ክሊኒኩ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ ከብዕር ጋር ትቶ መሄድ የለም። ማን እንደፈረመ ያላየ ሰው ሊምልበት አይችልም።

በእኛ ግምት 220 ያህል ይሰብስቡ። ከማስረከብዎ በፊትም አንድ ሰው ከመራጮች ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ ያመሳክረው። ዝርዝሩን ለተወዳዳሪዎች የሚሸጠው የስቴቱ የምርጫ መሥሪያ ቤት ነው። ፊርማ መሰብሰብ የሚጀመረው በምርጫው ዓመት ጃንዋሪ 1 ነው። በ2025 የፕራይመሪ ማስረከቢያው ኤፕሪል 3 ከቀኑ 5 ሰዓት ነበር፤ የፈረንጅ አምስት ሰዓት ማለታችን ነው፣ በእኛ አሥራ አንድ። የ2027ቱን ቀን ከምርጫ መሥሪያ ቤቱ ያረጋግጡ።

የመወዳደሪያ ማመልከቻውና ፊርማው ለፓርቲው ሊቀ መንበር፣ የብቃት ማረጋገጫውና የሀብትና ጥቅም መግለጫው ደግሞ ለምርጫ መሥሪያ ቤቱ ይገባሉ። አንዱን ወደ ሌላው ልኮ ቀኑ ያለፈበት ተወዳዳሪ ከምርጫው ሊቀር ይችላል። የመመዝገቢያ ክፍያው የዴሊጌት የዓመት ደመወዝ 2 በመቶ ነው፤ በ17,640 ዶላር ሲሰላ 352 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይመጣል።

ጥያቄ፦ የአእምሮ ሐኪም ነኝ። በሳምንት ሁለት ቀን የምሠራው ለቀድሞ ወታደሮች በተቋቋመው የፌዴራል ሆስፒታል ነው። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ ብወዳደርስ?

መልስ፦ አይሆንም። በ1939 የወጣው ሐች አክት የፌዴራል ሠራተኛ በፓርቲ ምርጫ ዕጩ እንዳይሆን ይከለክላል። ፈቃድ ላይ ቢሆኑም ሠራተኛ ነዎት። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መሥራትዎም አያድንዎትም። የግል ተወዳዳሪ ልሁን የሚል ሐሳብም ይመጣል። ለሰሜን ቨርጂኒያ ከተሞችና ካውንቲዎች እንዲህ ያለ ልዩ ፈቃድ አለ፤ ግን የሚሠራው ለአካባቢ ምርጫ ነው፣ ለስቴት ምክር ቤት አይደለም።

ሥራውን የሚለቁ ከሆነ ሳይለቁ ፊርማና ገንዘብ መሰብሰብ አይጀምሩ፤ ሕጉ ቅድመ ዝግጅቱንም ይቆጥራል። ሕጉን የሚያስፈጽመው ኦፊስ ኦፍ ስፔሻል ካውንስል በጽሑፍ ሲጠየቅ ምክር ይሰጣል። ጠይቀው መልሱን ፋይል ያድርጉት። ሥራዎን ሳይለቁ መወዳደር ከፈለጉ የትምህርት ቦርድ አለ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ምርጫው ከፓርቲ ውጭ ነው።

ጥያቄ፦ የራሴ ክሊኒክ አለኝ። ከታካሚዎቼ የብዙዎቹ ስልክና ኢሜይል በእጄ ነው፤ ይወዱኛልም። «እወዳደራለሁ፣ አግዙኝ» ብዬ አንድ መልእክት ብልክላቸው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አይላኩ። ያ ስልክ የተሰጠዎት ለሕክምና ነው። ታካሚው በጽሑፍ ሳይፈቅድ ለምርጫ ቅስቀሳ መጠቀም የታካሚን መረጃ የሚጠብቀውን የሂፓን ሕግ መጣስ ነው፤ ቅሬታው የሚያርፈውም በሐኪምነትዎ ላይ ነው። ጸሐፊዎ ዝርዝሩን አውጥታ «በስሜ ልደውልላቸው» ብትልም ያው ነው።

ተመሳሳዩን ሰው በሌላ በር ማግኘት ይችላሉ። ከመራጮች ዝርዝር ላይ ስሙ ካለ እንደማንኛውም ጎረቤት በሩን ያንኳኩ። በር ላይ ግን «ስኳሩ እንዴት ሆነ?» ማለት የለም፤ አብሮዎት የሚዞረው በጎ ፈቃደኛ ይሰማል። የለመደ አፍ እዚህ ላይ ነው የሚያዳልጠው።

ምርመራ ክፍል ውስጥ ታካሚው ራሱ ቢያነሳስ? አመስግነው፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚያገኝዎትን የዘመቻ ስልክ ነግረው ወደ ደም ግፊቱ ይመለሱ። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብም ታካሚው ወይም ቤተሰቡ በሕመም ጭንቀት ላይ ሳለ የፖለቲካ ወሬ እንዳይነሳ ይመክራል። ልብስ አውልቆ አልጋ ላይ የተቀመጠ ሰው «አልመርጥህም» ለማለት አይመቸውም።

ፎቶውን በተመለከተ፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ መነሳት ክልክል አይደለም። ደረቱ ላይ ግን የሆስፒታል አርማ እንዳይኖር። ከግብር ነፃ የሆነ ሆስፒታል ዕጩ መደገፍ ስለማይችል፣ አርማው የደገፈ ያስመስለዋል፤ በማግስቱም ከሕግ ክፍሉ ደብዳቤ ይመጣል። ከኋላዎ የኮምፒውተር ስክሪን ወይም የታካሚ ስም ያለበት ፋይል አለመኖሩንም ፎቶውን አጉልተው ይዩ። የክሊኒኩ ማተሚያና በሥራ ሰዓት የሚያግዝ ሠራተኛ በነፃ የተሰጠ እርዳታ ናቸው፤ በዋጋ ተተምነው ይመዘገባሉ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ 5,000 ዶላር ልላክ ይለኛል። እዚህ ያሉ ጓደኞቼ ደግሞ እንደ እቁብ አዋጥተው በአንድ ሰው ስም ሊሰጡኝ ነው። ቨርጂኒያ የመዋጮ ጣሪያ የለውም ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ ጣሪያ የለውም፤ እውነት ነው። ሁለቱም መንገዶች ግን ዝግ ናቸው። የፌዴራል ሕግ የውጭ ዜጋ ለስቴት ምርጫም ቢሆን ገንዘብ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ግሪን ካርድ ያለው መስጠት ይችላል፤ በኤች ዋን ቢ ወይም በጄ ዋን ቪዛ የሚሠራው ሐኪም ባልደረባዎ ግን አይችልም።

የእቁቡ ነገር ደግሞ የሰጪውን ስም መደበቅ ይሆናል። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም ይስጥ። ከ100 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ፣ አድራሻው፣ ሥራውና አሠሪው በሪፖርቱ ላይ ይወጣል። እራት ግብዣ ላይ ሞሰብ አዙሮ ጥሬ ገንዘብ መሰብሰብ ያምራል፤ ማታ ስም የሌለው ብር ታቅፎ መቀመጥ ግን ለገንዘብ ያዡ ፈተና ነው። አንድ ሰው ደረሰኝ ይዞ በር ላይ ይቁም። የመጀመሪያው ዶላር ከገባ በ10 ቀን ውስጥ የዘመቻ ኮሚቴው መመዝገብ አለበት፤ የባንክ ሒሳቡም ከግልዎና ከክሊኒኩ የተለየ ይሁን።

አንድ የሚጠቅምዎት ነገር እንንገርዎ። የስቴቱ ጉባኤ (ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድነት) በመደበኛ ስብሰባ ላይ ሳለ ገንዘብ እንዳይሰበስቡ የሚከለከሉት ወንበር ላይ ያሉት ናቸው። አዲስ ተወዳዳሪ ከሆኑ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ የእርስዎ ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሐኪም ነው። ቢመረጥ ሥራውን መተው አለበት? ሁለት ልጆች አሉን።

መልስ፦ እህታችን፣ መተው የለበትም፤ በ17,640 ዶላር ቤት አይተዳደርም። ራልፍ ኖርዛም የሕፃናት ነርቭ ሐኪም ሆነው በ2007 ለስቴቱ ሴኔት ተመረጡ፤ ምክትል ገዥ ቀጥሎም ገዥ ሆነዋል። ሴናተር ሳሉ ሕክምናውን አልተዉም።

ከባዱ ክረምቱ ነው። ጉባኤው በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ሪችመንድ ላይ ይከፈታል። በሙሉ ቁጥር ዓመት 60 ቀን ይቆያል፤ በጎደሎው 30 ቀን ሆኖ እንደ ልማድ ወደ 46 ይራዘማል። ከዚያ ለገዥው ማሻሻያና ውድቅ ላደረጋቸው ሕጎች በጸደይ እንደገና ይሰበሰባል። የክረምቱ ስብሰባ ኢንፍሉዌንዛ በሚበረታበት ጊዜ ላይ ይውላል፤ ተረኝነቱን ማን ይሸፍናል የሚለው ሳይወዳደር በፊት ከባልደረቦቹ ጋር በጽሑፍ ይለቅ። የሥራ ሰዓቱን ከቀነሰ ወይም ከለቀቀ የማልፕራክቲስ (የሕክምና ስህተት) ኢንሹራንሱን ይመልከት። ውሉ ቅሬታው የቀረበበትን ጊዜ የሚቆጥር ከሆነ፣ ከለቀቀ በኋላ ለሚመጣ ክስ ተጨማሪ ሽፋን መግዛት ይኖርበታል፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

ከተመረጠ በኋላ የመድኃኒት ኩባንያ እራትም ይቀየራል። ከሎቢስት፣ ማለትም ሕግ አውጪዎችን እንዲያግባባ ከተቀጠረ ሰው፣ እንዲሁም ሎቢስት ከሚቀጥር ድርጅት በዓመት ከ100 ዶላር በላይ ስጦታ መቀበል አይችልም።

ጥያቄ፦ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ «ዶክተር» ተብሎ ይጻፍልኛል?

መልስ፦ አይጻፍም። ማዕረግ አይፈቀድም፤ ስምና ፓርቲ ብቻ ነው የሚወጣው። «ዶክተር»ን በጓሮ ሰሌዳው ላይ ይጻፉት፤ ከሥሩም ወጪውን ማን እንደከፈለ መጠኑ ከ7 ፖይንት ባላነሰ ፊደል ይታተም።