መቁረጥ ወይስ መሰንጠቅ? የእንጨት ሥራ ግሦችና የመሣሪያ ስሞች

ጥያቄ፦ በቤታቸው የመጽሐፍ መደርደሪያ ለመሥራት ለሚፈልጉ ጀማሪዎች አጭር መመሪያ እያዘጋጀሁ ነው። ረቂቁን ያነበበልኝ ሰው «መሰንጠቅ»፣ «መላግ» እና «መቦርቦር» የሚሉትን ቃላት ሰርዞ ሁሉንም «መቁረጥ» ወይም «ማስተካከል» አደረጋቸው። «መቁረጫ» ያልኩትን «መቁረጪያ» ብሎ አረመው፤ «ካቻቢቴ» (ብሎን ማዞሪያ) እና «ሞርሳ» (እንጨት አጥብቆ መያዣ) የጣሊያን ቃላት ስለሆኑም በአማርኛ ይተኩ ይላል። ትክክሉ የትኛው ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያው ነጥብ ላይ እርስዎ ልክ ነዎት፤ ጉዳዩም የቃላት ማሳመር ሳይሆን የጀማሪውን ጣውላ ከብክነት የማዳን ጉዳይ ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 30 ሴንቲሜትር የሆነ ጣውላ አለ እንበል። ርዝመቱን ወደ 80 ሴንቲሜትር ለማሳጠር መጋዙ የእንጨቱን ቃጫ አቋርጦ ያልፋል፤ ይህ መቁረጥ ነው። ስፋቱን ወደ 25 ሴንቲሜትር ለማጥበብ ግን መጋዙ ቃጫውን ተከትሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ ይህ መሰንጠቅ ነው። መመሪያው «ከጣውላው ላይ 5 ሴንቲሜትር ቁረጡ» ቢል፣ አንባቢው ከጎኑ መቀነስ ሲገባው ከጫፉ ሊቀንስ ይችላል። ልዩነቱ በመጋዙ ጥርስ ላይ ሳይቀር ይታያል፦ ለመቁረጫ የተሞረደ ጥርስ እንደ ቢላ ስለታም ጠርዝ ኖሮት ቃጫውን ይበጥሳል፤ ለመሰንጠቂያ የተሞረደው ደግሞ ጫፉ እንደ ጥቃቅን መሮ ቀጥ ያለ ሆኖ እንጨቱን እየቦጨቀ ያወጣል። ግንድ ወደ ጣውላ የሚለወጥበትን ፋብሪካ «የእንጨት መሰንጠቂያ» የምንለው በዚሁ ምክንያት ነው። ማገዶ ግን በመጥረቢያ የሚፈለጥ ስለሆነ «ፈለጠ» የሚለውን ለዚያው እንተወው።

«ማስተካከል» የሚለው ቃል ከዚህም ይብሳል፤ ምን ተይዞ ምን እንደሚደረግ አይናገርምና። ጣውላ በመላጊያ ይላጋል፤ ጠርዙ በሞረድ ይሞረዳል፤ ሸካራው በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ክብ ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ይሰረሰራል፤ ማጋጠሚያ የሚሆነው አራት ማዕዘን ጉድጓድ ደግሞ በመሮና በመዶሻ ይቦረቦራል። ምስማር ይመታል፣ ብሎን ይታሰራል። ለአንድ ሥራ አንድ ግሥ ተለይቶ ሲቀመጥ አንባቢው የትኛውን መሣሪያ ማንሳት እንዳለበት ከግሡ ብቻ ያውቃል።

የመሣሪያ ስሞቹ አጻጻፍም ከእነዚሁ ግሦች ይመነጫል። አማርኛ ከግሥ የመሣሪያ ስም የሚያወጣው በመነሻው «መ»፣ በመድረሻው ደግሞ «ኢያ» በመጨመር ነው። ከላገ መላጊያ፣ ከሰረሰረ መሰርሰሪያ፣ ከሰነጠቀ መሰንጠቂያ፣ ከጠረበ መጥረቢያ፣ ከለካ መለኪያ ይገኛል። የግሡ የመጨረሻ ድምፅ በምላስ ጫፍ ከሚነገሩት ከት፣ ከድ፣ ከጥ፣ ከስ፣ ከዝ፣ ከጽ፣ ከን ወይም ከል አንዱ ከሆነ ግን «ኢ» ያንን ድምፅ ወደ ላንቃ ስቦ ከለወጠው በኋላ ራሱ ይዋጣል። ስለዚህ ከቆረጠ መቁረጫ፣ ከፈታ መፍቻ፣ ከገዘገዘ መገዝገዣ፣ ካለሰለሰ ማለስለሻ፣ ከከደነ መክደኛ፣ ከነቀለ መንቀያ እንላለን። «መቁረጪያ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ጥ ወደ ጭ ሲለወጥ አብሮ የተዋጠውን «ኢ» እንደገና ይጨምራል፤ አንዱን ምዕላድ (ትርጉም ያለውን የቃል ክፍል) ሁለት ጊዜ ቆጠረ ማለት ነው። በሕንጻ በር ላይ «መግቢያ» እና «መውጫ» ተብሎ ሲጻፍ ማንም «መውጪያ» ይሁን እንደማይል ሁሉ፣ «መቁረጫ»ም እንደዚያው ይጻፍ። በተቃራኒው «ኢ» ሳይዋጥ በሚቀርባቸው ቃላት ውስጥ በግልጽ ቢታይ እመርጣለሁ፤ «መሰርሰርያ» ከሚለው ይልቅ «መሰርሰሪያ» አነባበቡን በትክክል ያሳያል።

የሠራተኛ ስምም በዚሁ ሕግ ይሄዳል፦ ጠራቢ፣ ሰርሳሪ እንላለን፤ በሌላ ወገን ደግሞ ቆራጭ፣ ፈላጭ። «አናጢ» «አናጭ» ሳይሆን የቀረው ከግዕዙ «ሐናጺ» ቅርጹን እንደያዘ ስለመጣ ነው፤ «ሕንጻ» ከሚለው ቃል ጋርም ሥሩ አንድ ነው።

በባዕድ ቃላቱ ጉዳይ ከአራሚዎ ጋር አልስማማም። ብሎንም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ እርሱን ትቶ ካቻቢቴን ብቻ መሰረዝ ወጥነት ይጎድለዋል። ካቻቢቴን «መፍቻ» ብንለው ቃሉ የመካኒኮችን መፍቻ ሁሉ ስለሚያጠቃልል ጀማሪው ሌላ መሣሪያ ሊገዛ ይችላል። ሞርሳን «ማጥበቂያ» ብንለውም ስንት ነገር የሚያጠብቅ መሣሪያ እያለ የትኛው እንደሆነ አይለይም። ባለሙያውም፣ የዕቃ መደብሩ ሻጭም፣ ገዢውም በአንድ ስም የሚግባቡበት ቃል የአማርኛ ቃል ሆኗል ማለት ነው። በመመሪያዎ መጀመሪያ ላይ «ሞርሳ፣ እንጨቱ ሲላግ ወይም ሲቆረጥ እንዳይንቀሳቀስ ከጠረጴዛው ጋር አጥብቆ የሚይዝ መሣሪያ» ብለው አንድ ጊዜ ያስረዱና ከዚያ በኋላ በስሙ ይጥሩት።