ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው የኮምፒውተር ጥገና ጀምራችሁ እጃችሁን ለምታፍታቱት ነው። ቴክኒክና ሙያ ገብታችሁ ሃርድዌርና ኔትወርክ የተማራችሁ አላችሁ። ዩቲዩብ እያያችሁ በራሳችሁ የገባችሁበትም አላችሁ። አንዳንዶቻችሁን በመልክ አውቃችኋለሁ። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለችው ሱቄ በር ላይ ቆማችሁ "ጋሼ፣ ይሄ ላፕቶፕ አልነሳ አለኝ" ትሉኛላችሁ። መልሴን ሳትጠብቁ ደግሞ "ፎርማት ላድርገው?" ትላላችሁ፤ ዲስኩን ጠርጌ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ልጫንበት ማለታችሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ልጆች ይህንኑ ጠየቁኝ። የሦስቱም ችግር ሌላ ነበር። የአንዱ ራሙ ከቦታው ተነቃንቋል። የአንዱ ቻርጀሩ ነው። ሦስተኛው ዲስኩ እያጣጣረ ነበር። እሱ ላይ ፎርማት ተደርጎ ቢሆን የአንድ ሱቅ የሁለት ዓመት ሒሳብ አብሮ ይቀበር ነበር።

እኔ በዚህ ሥራ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ካጠፋሁት ሁሉ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ አንድ ነገር አለ። እሱም ከዚህችው ከፎርማት የመጣ ነው። ለማንም ዘርዝሬ ነግሬ አላውቅም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

በ1998 ዓ.ም. ነው። ያኔ የምሠራው መሀል ከተማ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነበር። አንዲት እናት ዴስክቶፕ በታክሲ አስጭነው መጡ። ይዘው የመጡት ካዛውን፣ ዋናውን ሳጥን ብቻ ነው። "ልጄ፣ በጣም ይንቀራፈፋል፤ እስቲ አጽዳልኝ" አሉኝ። ከፈትኩት። ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ ቫይረስ ወሮታል። "እማማ፣ ውስጡ የሚፈለግ ፋይል አለ?" አልኳቸው። "ኧረ የለም፣ እኔ ምን ፋይል አለኝ" አሉ። ፎርማት አደረግኩት። አዲስ ዊንዶውስ ጫንኩ፣ ድራይቨሮቹን ጫንኩ፣ በማግስቱ አስረከብኩ። መርቀውኝ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ባለቤታቸው ካረፉ አራት ወር ሆኗቸው ነበር። የሳቸው ፎቶዎች በሙሉ ዴስክቶፑ ላይ ነበሩ። "የሚፈለግ የለም ብለውኝ ነበር እኮ" አልኳቸው። ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "ፎቶው ያለው ስክሪኑ ላይ ነው። ስክሪኑን እኮ ቤት ትቼው ነው የመጣሁት።"

ፎቶውን የሚያዩት ስክሪን ላይ ነው። ስለዚህ የሚኖረውም እዚያው መስሏቸዋል። ምን ያጠፉት ነገር አለ? "ፋይል" የሚለው ቃል የእኔ እንጂ የሳቸው አይደለም። ፎቶ አለ ወይ፣ የሰው ድምፅ አለ ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሰ ሰው ፊቴ ቆሞ ልብ አላልኩም። ፎልደሮቹን ከፍቼ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አላየሁም።

ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ በሪከቨሪ ፕሮግራም ፈለግኩ። 11 ፎቶ ወጣ። አብዛኛው ግማሹ ግራጫ ነው። ሙሉ ሆኖ የወጣው አንድ ብቻ ነው፤ ሰውየው በር ላይ የፋሲካ በግ በገመድ ይዘው ቆመዋል። አሳጥቤ ሰጠኋቸው። ደረታቸው ላይ ለጥፈው አመሰገኑኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያቺ አንዲት ፎቶ እንኳ ለምን እንደተረፈች ልንገራችሁ፤ ሥራችሁ ነውና ማወቅ አለባችሁ። ፈጣኑ ፎርማት ፋይሉን ራሱን አያጠፋም። የሚያጠፋው ማውጫውን ነው። መጽሐፉ አለ፣ የት ገጽ ምን እንዳለ የሚናገረው ዝርዝር ግን ተቀዷል። ሪከቨሪ ፕሮግራም ገጹን አንድ በአንድ እየገለጠ ይፈልጋል። ነገር ግን በላዩ ላይ አዲስ ነገር ከተጻፈበት አለቀ። እኔ ደግሞ ዊንዶውሱን፣ ኦፊሱን፣ ድራይቨሩን ሁሉ በላዩ ላይ ጽፌበታለሁ።

ዛሬ ነገሩ ይብሳል። አሁን የምትሠሩባቸው ላፕቶፖች የአብዛኞቹ ዲስክ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ነው። ኤስኤስዲ ላይ ፎርማት ስታደርጉ ዊንዶውስ "ትሪም" የሚባል ትእዛዝ ይልካል። ዲስኩም እነዚያን ቦታዎች ባዶ አድርጎ ይቆጥራቸዋል፣ ያጸዳቸዋልም። ለእኔ አንድ ፎቶ የተረፈኝ በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ምክንያት ነው። እናንተ ያቺን አንዲትም አታገኙም።

እናም ደንበኛውን "ፋይል አለህ?" አትበሉት። ወንበር ስጡት። "ፎቶ ታስቀምጥበታለህ? ሒሳብ ትሠራበታለህ? ከቴሌግራም የምታወርደው ነገር አለ? ልጆችህ የትምህርት ቤት ሥራ ይጽፉበታል?" ብላችሁ ጠይቁት። ሁሉንም "የለም" ቢላችሁም ገልብጡ። የግድ ነው። ሰው ያለውን ነገር የሚያስታውሰው ካጣው በኋላ ነው።

ዶክመንትስና ዴስክቶፕን ብቻ ገልብጣችሁ ጨረስን አትበሉ። ዳውንሎድስ አለ። የብራውዘሩ ፓስወርድና ቡክማርክ አለ። ሲ ድራይቭ ላይ ሰው በስሙ የፈጠረው ፎልደር አለ። ከሁሉም ግን የምፈራላችሁ የሒሳብ መዝገብ የሚያዝበትን ፕሮግራም፣ ፒችትሪን ነው። ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ እኛ አገር ግን ስንቱ የሒሳብ ሠራተኛ ዛሬም ፒችትሪ ላይ ነው። መረጃውን ዶክመንትስ ውስጥ አያስቀምጥም። የራሱ ቦታ አለው። ዊንዶውሱ የሚነሳ ከሆነ ፒችትሪን ክፈቱና በራሱ ባካፕ አስወጡት። ከዚያ ሒሳብ ሠራተኛዋን ደውላችሁ ጥሯት። አጠገባችሁ ሆና "የመጨረሻው ያስገባሁት ደረሰኝ ይኸው" ካላለች ዲስኩን አትንኩ።

ሌላም አለ፤ ይህ የእኛው ነው። አንድ የዕድር ጸሐፊ የ15 ዓመት ቃለ ጉባኤ ያለበት ኮምፒውተር ነበራቸው። አንድ ልጅ ከፍቶ ሲያየው ፋይሎቹ በሙሉ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኑበት። "ቫይረስ በልቷቸዋል" ብሎ ሊያጠፋቸው ሲል ደረስኩ። ፋይሎቹ ምንም አልሆኑም ነበር። በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ናቸው። እንደዚያ ያሉት የድሮ ፕሮግራሞች የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ከሥር ያለው የላቲኑ ኮድ ነው። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ በሆነው በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ደግሞ ኒያላ የሚባለው ፎንት አብሮ መጣ። ከዚያ በፊት የተጻፈው፣ ከዚያም በኋላ በልማድ በድሮው የተጻፈው፣ በየቀበሌው፣ በየዕድሩ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ኮምፒውተር ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ፎንቱን ጫኑለት፣ ይነበባል። ስትገለብጡም ፎንቶቹን አብራችሁ ያዙ። የሰፈሩ ታሪክ እኮ በእናንተ እጅ ነው ያለው።

ኮምፒውተሩ ጨርሶ የማይነሳ ከሆነስ? በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ፣ ኡቡንቱ የሚባል ሊኑክስ በፍላሽ አዘጋጁ። በነፃ ነው። ከፍላሹ አስነሱት፣ ሳትጭኑት "ልሞክረው" የሚለውን ምረጡ፣ የዊንዶውሱን ዲስክ ከፍታችሁ ገልብጡ። ዲስኩ "ቀጭ ቀጭ" የሚል ድምፅ ካለው ግን ደጋግማችሁ አታስነሱት። እያንዳንዷ ማስነሳት ዕድሜውን ትበላለች። እዚያው ኡቡንቱ ላይ የሚሠራ ዲዲሬስኪው የሚባል ፕሮግራም አለ። በመጀመሪያ ደህናውን ቦታ ይገለብጣል፣ ወደ ተበላሸው በኋላ ይመለሳል። ያ የሱቅ ሒሳብ የተረፈው በሱ ነው።

አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ዲስኩ ተቆልፎ ታገኙታላችሁ። የዊንዶውሱ የዲስክ መቆለፊያ፣ ቢትሎከር ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ ሰው በማይክሮሶፍት አካውንቱ ሲገባ ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ይቆለፋል። ባዮስ፣ ማለትም የማሽኑን የመነሻ ቅንብር ስትነካኩ ወይም ዲስኩን ነቅላችሁ ሌላ ማሽን ላይ ስትሰኩ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃችኋል። ቁልፉ በሰውየው አካውንት ውስጥ ነው። እና ምንም ሳትነኩ በፊት "አካውንትህ የቱ ነው? አሁን መግባት ትችላለህ?" በሉት። ኢሜይሉን የከፈተለት የሌላ ሱቅ ልጅ ሆኖ ፓስወርዱን የማያውቅ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ።

"ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ ፎርማት እኮ በአንድ ሰዓት አልቆ ይከፈለኛል" እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው። 200 ጊጋባይት በአሮጌ ዩኤስቢ፣ በሰከንድ 30 ሜጋባይት እየሄደ፣ ወደ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ትንንሽ ፋይል ከበዛ ያድራል። መብራት ከሄደ ደግሞ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ስለዚህ አስከፍሉ። ዋጋውን ለይታችሁ ንገሩት፤ "ይህ የመረጃህ ማዳኛ ነው፣ ይህ የዊንዶውሱ ነው" በሉት። የልጁን ፎቶ እንደምታድኑለት የገባው ሰው አይከራከርም። የሚከራከር ቢያጋጥማችሁም እኔ ብሆን በነፃ እገለብጥለታለሁ። ይህን እናንተን አላስገድድም፤ የእኔ ምክንያት ከላይ ነገርኳችሁ።

የምትገለብጡበት ዲስክ ደህና ይሁን። "1 ቴራ" ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ፍላሽ አትመኑ። ውስጡ 16 ወይም 32 ጊጋ ሆኖ ቁጥሩን ብቻ እንዲዋሽ የተሠራ አለ። ከዚያ በላይ ያለውን የተቀበለ ይመስላል፣ ስትከፍቱት ግን የለም። ገዝታችሁ ስትመጡ እስኪሞላ ጻፉበት፣ መልሳችሁ አንብቡት። ያን ጊዜ እውነቱ ይወጣል።

ስለ አቧራና ስለ መብራት ብዙ አልላችሁም፤ እዚህ ዳር ሰፈር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ግንባታው ስላላለቀ አቧራው ማራገቢያውን ይደፍነዋል፣ ማሽኑ ይግላል፣ ሲግል ይንቀራፈፋል። "ተንቀራፈፈ" ሲሏችሁ በመጀመሪያ ክፈቱና በብሎወር ንፉት፤ ማራገቢያውን በጣታችሁ ይዛችሁ እንጂ በአየሩ እንዲሽከረከር አትልቀቁት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቶሎ አታብሩ፤ ከዲቫይደሩ ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ኃይሉ የሚዘለው ያኔ ነው።

የዘንድሮው ወሬ ዊንዶውስ 10 ነው። መደበኛው ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ሰው ሁሉ "11 ጫንልኝ" እያለ ይመጣል። ማይክሮሶፍት ከኢንቴል የሚቀበለው በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ፕሮሰሰር ነው። "ኮር አይ ሰቨን ነው" ብሎ የሚኮራበት ላፕቶፕ 2ኛው ትውልድ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በተንኮል ማስገባት ይቻላል፤ እናንተም ታውቁበታላችሁ። እኔ የምለው ለባለቤቱ ንገሩት ነው። "ይሠራል፣ ግን ማይክሮሶፍት አይደግፈውም፣ አንድ ቀን ማዘመኛው ሊቆም ይችላል" በሉት። ራሱ ይወስን። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ብቻ ከሆነ ኤስኤስዲ ቀይራችሁ ሊኑክስ ብትጭኑለት የሚደሰት ሰው አለ። ክራክ፣ ማለትም ፈቃዱ የተሰበረ ፕሮግራም ለመጫን ብላችሁ አንቲቫይረሱን አጥፍታችሁ እንዳትተዉት ብቻ። ዘራፊው በከፈታችሁት በር ነው የሚገባው።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። የሰውን መረጃ ስትገለብጡ አትዩ። የአንዲት ሴት ፎቶ፣ የሰው የባንክ ወረቀት፣ የባልና ሚስት ጽሑፍ እጃችሁ ላይ ይወድቃል። ፎልደሩን እንጂ ፋይሉን አትክፈቱ። መግለበጡን ለማረጋገጥ ቁጥሩንና መጠኑን አስተያዩ። ተከፍቶ መታየት ካለበት ባለቤቱ ይክፈተው፣ እናንተ ፊታችሁን አዙሩ። ጓደኛ ሱቅ ሲመጣ ስክሪኑን አጥፉት። ፎቶዋ ከጥገና ቤት ወጥቶ በቴሌግራም የዞረባት ልጅ አውቃለሁ። ከሰፈር ለቅቃ ሄደች። የሠራውን ልጅም አውቀዋለሁ፤ ጎበዝ ቴክኒሺያን ነበር። ዛሬ ማንም ማሽን አይሰጠውም፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ሱቄ አስገብቼው አላውቅም።

እኔ አሁን እንዲህ ነው የምሠራው። ሱቄ ውስጥ አንድ መደርደሪያ አለ። የተገለበጠበት ዲስክ ሁሉ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ቀኑንና የደረሰኙን ቁጥር እጽፋለሁ፤ ስም አልጽፍም። ሰውየው ማሽኑን ወስዶ ሁለት ሳምንት ከሠራበት በኋላ እደውላለሁ። "ሁሉም አለ? የጎደለ የለም?" እለዋለሁ። "አለ" ሲለኝ ያኔ ነው የማጠፋው። ዛሬ መደርደሪያው ላይ አራት አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሥራ አልቀበልም። መጥታችሁ ማየት የምትፈልጉ ኑ። አንድ የሚያጣጥር ዲስክ ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ የራሴ ነው፣ ቢሞትም ማንንም አይጎዳም። በእሱ እንለማመዳለን። ካቻቢቴያችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የእኔ አንድ ብቻ ናት።